ጋይሮስኮፕ እኮ ይወድቃል

«የሚሽከረከር ጎማ (ጋይሮስኮፕ) ለምን አይወድቅም?» የሚለው ጥያቄ አይዋጥልኝም። ይወድቃል እኮ! የሚወድቀው ግን በጣም ትንሽ ነው። ምስጢሩ ያለው እዚያች ትንሽ ውድቀት ውስጥ ነው። ይሄ ቁልጭ ብሎ የታየኝ የጎማውን እንቅስቃሴ በኮምፒውተር የሚያስመስል ፕሮግራም (ሲሙሌሽን) ስጽፍ ነው።

የብስክሌት ጎማ እንውሰድ። 2 ኪሎ ይመዝናል፣ ራዲየሱ 30 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ክብደቱ ሁሉ ጠርዙ ላይ ነው እንበል። በሰከንድ 5 ጊዜ ይዞራል። ዘንጉን አግድም አድርጋችሁ፣ ከጎማው መሃል 10 ሴንቲ ሜትር የሚርቀውን ጫፉን በማይነቃነቅ መቆሚያ ላይ አሳርፉትና ልቀቁት።

ስበት ጎማውን ወደ ታች ይጎትታል። የስበቱ ቶርክ (የማዞር አቅሙ) ግን አቅጣጫው አግድም ነው፣ ለዘንጉም ቀጤ ነክ ነው። ቶርክ ደግሞ የሚለውጠው አንጉላር ሞመንተምን (የሽክርክሪቱን መጠንና አቅጣጫ) ነው። ጎማው በዘንጉ አቅጣጫ ብዙ ሞመንተም ስላለው፣ በየቅጽበቱ የሚጨመርበት ነገር ዘንጉን ወደ ጎን ያዞረዋል። ፕሪሴሽን የሚባለው ይሄ ነው። ቶርኩን ለአንጉላር ሞመንተሙ ስናካፍል በሰከንድ 20 ዲግሪ ገደማ ይወጣል። አንድ ሙሉ ዙር 18 ሰከንድ ይፈጃል ማለት ነው። የጎማው ሽክርክሪት በግማሽ ቢቀንስ፣ ዙሩ በ9 ሰከንድ ያልቃል።

ቀመሩ የማይነግረን ነገር አለ። ስንለቀው ዘንጉ ወደ ጎን እየሄደ አልነበረም። ታዲያ ማን አስጀመረው? ውድቀቱ ነዋ! መቆሚያው ላይ ያላረፈው የዘንጉ ጫፍ ከ1 ዲግሪ ያነሰ ዝቅ ይላል፤ በዚያው ወደ ጎን መሄድ ይጀምራል፤ ያ የጎን እንቅስቃሴ ደግሞ መልሶ ያነሳዋል። ከዚያ እንደገና ዝቅ። በሰከንድ 8 ጊዜ ገደማ እንዲህ ይላል፤ ስሙ ኑቴሽን ነው። እውነተኛው ጎማ ላይ ሰበቃ ቶሎ ስለሚያጠፋው ዓይናችን ያልፈዋል።

ለዚህ ነው ሲሙሌሽን ስትጽፉ «ፕሪሴሽን» የሚል መስመር እንዳታስገቡ የምለምናችሁ። የኦይለርን የሽክርክሪት እኩልታዎችና የስበቱን ቶርክ ብቻ ስጡት፤ ሌላው ራሱ ይመጣል። የጎማውን አቅጣጫ በሦስት የማዞሪያ ማዕዘኖች ሳይሆን በኳተርኒየን (አቅጣጫን በሚገልጹ አራት ቁጥሮች) ያዙት፤ ማዕዘኖቹ ዘንጉ ቀጥ ብሎ ሲቆም ይምታታሉ። በየእርምጃው የኳተርኒየኑን ርዝመት ወደ 1 መልሱት። ጊዜውን ለማራመድ ቀላሉን የኦይለር ዘዴ (ከእኩልታዎቹ የተለየ ነው) አልመክርም፤ ጉልበት (ኢነርጂ) ከየትም እየፈጠረ መወዛወዙን ያሳድገዋል። አራተኛ ደረጃ ሩንጌ-ኩታ የሚባለው የተሻለ ዘዴ በ1 ሚሊ ሰከንድ እርምጃ ለዚህ ጎማ ይበቃል። ሰበቃ እስካላስገባችሁ ድረስ ጠቅላላ ጉልበቱ መለወጥ የለበትም። ስለዚህ በየጊዜው አትማችሁ እዩት።

ሲሠራላችሁ አለቃቀቁን ቀይሩ። ዝም ብላችሁ ስትለቁት የጫፉ ዱካ ሹል ሹል ጥርስ ያወጣል። በሰከንድ 20 ዲግሪ ወደ ፕሪሴሽኑ አቅጣጫ ገፋ አድርጋችሁ ስትለቁት ኑቴሽኑ ጭራሽ ይጠፋል። ወደ ተቃራኒው ስትገፉት ደግሞ ዱካው ወደ ኋላ እየተጠመዘዘ ቀለበት በቀለበት ይሆናል።