የመስቀል ወፍ የት ይሄዳል?

አክስቴ የአጥሩ በር ላይ ቆማ ስታየኝ መጀመሪያ ያለችኝ «እንኳን ደህና መጣሽ» አይደለም። «መጣች የመስቀል ወፍ!» ነው ያለችው። አንገቴን አንቃ እያገላበጠች የሳመችኝ ከዚያ በኋላ ነው። በዓመት አንዴ ብቅ ለሚል ዘመድ የሚወጣ ስም ነው። አልከፋኝም፤ እንዲያውም ለእኔ ሲበዛብኝ ነው። የመስቀል ወፍ በየዓመቱ ይመጣል፣ እኔ ከመጣሁ ሦስት ዓመት አልፎኛል።

ጊዜው ጳጉሜን 2 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ነበር። ጳጉሜን ስድስት የሆነችበት ዓመት ነው። የቀረችኝን የዓመት ፈቃድ ሰብስቤ፣ ክረምቱ ጓዙን ጠቅልሎ ሳይወጣ፣ አበባው ላይ ልድረስ ብዬ ተነሳሁ። ከላምበረት መናኸሪያ እስከ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው። ስለዚህኛው መንገድ የምለው የለኝም፣ ተኝቼ ነው የሄድኩት። ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር የሚወስደው ሚኒባስ ግን አያስተኛም። ረዳቱ «ሰፊ ነው፣ ጠጋ ጠጋ በሉ» እያለ አንድ መንደር ሰው ጫነ። እግሬ ሥር የነበረው ዶሮ በየጉድጓዱ ላይ ስንነጥር ቁርጭምጭሚቴን ይነክሰኛል። ለበዓል የሚታረድ ዶሮ ስለሆነ ይቅር ብዬዋለሁ።

የአክስቴ ቤት ጎረቤላ ከመድረሱ በፊት፣ ከዋናው መንገድ ወጣ ብሎ ነው። የድንጋይ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ። ከፊቱ ግጦሽ ሣር አለ፣ ከኋላው ገብስ። ከገብሱ በኋላ ምድሪቱ ታልቃለች። እውነቴን ነው፣ ቁርጥ ትላለች። ከዚያ በታች ገደል ነው፣ ከገደሉ በታች ደመና፣ ደመናው ሲገለጥ ደግሞ ወደ አፋር የሚወርደው ቆላ ከሩቅ ይታያል። ብርዱ የጉድ ነው። ጃኬት ለብሼ፣ ጃኬቱ ላይ ጋቢ ደርቤ ነው የሰነበትኩት።

በማግስቱ ሩፋኤል ነበር። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲወርድ የሰፈሩ ልጆች በሙሉ ልብሳቸውን እየጣሉ ወጡ። በዚያ ብርድ! የጳጉሜን ሦስት ዝናብ ጠበል ነው። አክስቴ «ውጪ እንጂ አንቺስ፣ የአዲስ አበባውን አቧራ አራግፊ» አለችኝ። እጄን ብቻ ከጣሪያው ጠርዝ ዘርግቼ ፊቴን አበስኩ። ልጆቹ ሳቁብኝ።

አበባ ለማየት የሄድኩ ሰው እንደመሆኔ ጠዋት ጠዋት ስልኬን ይዤ ሣሩ ላይ ነኝ። ከሩቅ አረንጓዴ ብቻ የሚመስለው ግጦሽ ጎንበስ ሲሉበት ሌላ ነው። መሬት ለመሬት ሮዝና ሐምራዊ ማገጥ ተነጥፎበታል። የእያንዳንዷ አበባ ራስ የአተር ፍሬ አታክልም። ተንበርክኬ ፎቶ ሳነሳ አክስቴ ላሟን እየነዳች መጣችና «እሱን ፎቶ ታነሺዋለሽ? ላሜ እኮ በሽታው ይታወቅባታል» አለች። ማገጥ ላም የምትወደው ሣር ነው፣ ወተት ይጨምራል። ግን ጤዛው ሳይደርቅ ብዙ ከበላች ሆዷ ይነፋል፣ ሊገድላትም ይችላል። ስለዚህ ላሟ ፀሐይ እስኪሞቅ ታስራ ትቆያለች። እኔ ከማገጡ ያየሁት ቀለሙን ብቻ ነበር።

አደይ ገና ሙሉ በሙሉ አልፈነዳም ነበር። በገብሱ ዳርና በድንጋይ ካቡ ሥር አልፎ አልፎ ቢጫ ቢጫ ይላል። አንዷን ቀርቤ ቆጠርኳት፣ ስምንት የአበባ ቅጠል። መሐሏ ላይ ንብ ተቀምጣ የኋላ እግሯ ብጫ ዱቄት እስኪሸከም ትዞራለች። የአክስቴ ባል ሁለት ቀፎ አላቸው። ጋሼ ነው የምላቸው። የአደይ ማር የሚቆረጠው በጥቅምትና በኅዳር ስለሆነ እሳቸው አደይን የሚያዩት ባለ ሱቅ ዕቃ የጫነ መኪና ሲመጣ እንደሚያየው ነው። «ዘንድሮ ደህና ወጥቷል» ይላሉ፣ በቃ።

እኔን ግን ይዞኝ የቀረው አደይ አይደለም። የጓሮው አጥር ጥግ የበቀለው ራስ ክምር ነው። ሌላ ቦታ የፈረስ ዘንግ ይሉታል። ከሰው ቁመት የሚስተካከል ግንድ አለው፣ በግንዱ ላይ ክብ ክብ ሆነው፣ አንዱ ካንዱ በላይ እየተደረደሩ የሚወጡ ብርቱካናማ አበቦች። ስሙን ያገኘው ከዚህ ይመስለኛል። በርጩማ ይዤ ወጥቼ አምስት እርምጃ ያህል ራቅ ብዬ ተቀመጥኩ። ሩብ ሰዓት ያህል ምንም የለም። ከዚያ አንድ ጥቁር ነገር እንደ ጥይት መጥቶ ግንዱ ላይ ተለጠፈ።

ጥቁር ነው ብዬ ነበር። ፀሐይዋ ከደመና ስትወጣ ወይን ጠጅ ሆነ፣ አንገቱን ሲያዞር ደግሞ እንደ ናስ አብረቀረቀ። ጭራው ከመሐል ሁለት ረጃጅም ላባ አለው። ምንቃሩ ቀጭንና ጎባጣ ነው፣ ልክ በአበባው ቱቦ ልክ የታጠፈ ይመስላል። ግንዱን በእግሩ ጨብጦ አንዱን አበባ ይመጥጣል፣ ወደ ቀጣዩ ይሸጋገራል፣ ክቡን ጨርሶ ወደ ላይኛው ፎቅ ይወጣል። አንድም አይዘልም። ግንባሩ ላይ የአበባ ዱቄት ተለድፎበት ነበር። ቀና ብሎ አየኝና ፉት ማለቱን ቀጠለ። ይህ ወፍ በዓለም የሚታወቀው በተከዜ ወንዝ ስም ነው። አክስቴ ግን «አበባ መጣጭ» ከማለት ሌላ ስም የላትም፣ ስሙ ከሥራው ጋር ስለሚገጥም እኔም ይሻለኛል።

ፎቶ? አንድም የለኝም። በሦስተኛው ቀን ቀረብ ልል ስሞክር እግሬ ጭቃው ላይ ተንሸራተተ፣ ሚዛኔን ልጠብቅ ብዬ አጥሩን ስይዝ ሳማ ጨበጥኩ። ሳማ የነካው ያውቀዋል። መዳፌ እስከ ማታ እንደ እሳት ሲለበልበኝ ዋለ። አክስቴ ስቃ ስትጨርስ ጨርቅ በእጇ ጠቅልላ ያንኑ ሳማ ለጋ ለጋውን ቀጠፈችና ማታ ወጥ ሠራችው። ቅቅሉ ላይ የገብስ ዱቄት ነስንሳ፣ በነጭ ሽንኩርትና በቃሪያ። «በይ፣ የለበለበሽን ብዪው» አለች። በላሁት። ጎመንን ያስንቃል።

ወደዚያ ቤት የሚመጣው እንግዳ ብዙ ነው፣ ሁሉም የየራሱ ሰዓት አለው። ጎህ ሲቀድ ጋጋኖ ነው። በኢትዮጵያና በኤርትራ ብቻ የሚገኝ ወፍ ነው ቢባልም ጠዋት ላይ እሱን መውደድ ይከብዳል። አሥር አሥራ አምስት ሆነው የሰከረ ማኅበርተኛ ይመስል እየተንጫጩ ጣሪያው ላይ ያልፋሉ። ሜዳው ላይ ሲያርፉ ግን ጨዋ ናቸው። ከላሟ ኋላ ኋላ እየሄዱ ያንን ረጅም ጎባጣ ምንቃራቸውን እርጥቡ መሬት ውስጥ እስከ ሥሩ ሰክተው ትል ያወጣሉ። ጉሮሯቸው ሥር የተንጠለጠለች ቀጭን ሥጋ አለቻቸው፣ ሲራመዱ ትወዛወዛለች።

ረፋድ ላይ ጭልፊቱ ባህር ዛፉ ላይ ነው። ፍልፈል ይጠብቃል። ጋሼ «ደሞዝ የማይጠይቅ ዘበኛ» ይሉታል። ሌሊት ጃርት ይመጣል። እሱን አላየሁትም፣ ያየሁት የቆፈረውን የድንች መደብና የጣለውን አንድ እሾህ ነው። እሾሁን አሁንም ጠረጴዛዬ ላይ እስክሪብቶ ማስቀመጫ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ።

ጭላዳዎቹ ደግሞ ፀሐይ ሲሞቅ ነው የሚመጡት። ገደሉ ውስጥ ጠባብ ድንጋይ ላይ አድረው፣ ጠዋት ወደ ላይ ይወጣሉ። መጀመሪያ ከገደሉ አፍ አንድ ራስ ብቅ አለ። ቀጥሎ ሁለት፣ ከዚያ ሃምሳ ሆኑ። ከኢትዮጵያ ሌላ የትም የማይኖሩ፣ ከዝንጀሮ ዘር ሁሉ ሣር ግጦ የሚኖሩ እነሱ ብቻ ናቸው። እኔ የፈራሁት ትልቁን ወንድ፣ ጎፈሬውን እንደ አንበሳ የለበሰውን ነበር። እሱ ግን ከቁብም አልቆጠረኝ። ስትግጥ የነበረች እናት ስምንት ሜትር ያህል ቀረበችኝ። ደረቷ ላይ ቀዩ ቆዳ ይታያል። በሁለቱም እጇ፣ አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ፣ ሣሩን በጣቷ ነጭታ ነጭታ እፍኟ ሲሞላ ወደ አፏ ትከታለች። ፊቷ ያለው ሲያልቅ አትነሳም። በቂጧ ተንፏቃ ጥቂት ወደፊት ትሄድና ትቀጥላለች። የልጅነት ጎረቤታችን ደጃቸው ላይ ምስር ሲለቅሙ እንዲህ ነበር።

«ደስ ሲሉ!» አልኩ።

«ገብሱን እስኪያዩ ነው» አሉ ጋሼ።

ልክ ነበሩ። ሁለት ጎረምሳ ጭላዳዎች ቀስ በቀስ፣ የሣር ሰው መስለው፣ ወደ ማሳው ተጠጉ። ገብሱ እሸት ሊሆን ጥቂት ቀርቶታል። የአክስቴ የልጅ ልጅ ከቡሄ የተረፈችውን ጅራፍ ይዞ ተነሳና አንዴ ዷ! አደረጋት። ድምፁ ገደሉን ዞሮ ሲመለስ ሜዳው ላይ አንድም ጭላዳ አልነበረም። የወረዱበት ገደል አፋፍ ላይ ሄጄ አየሁት። እኔ ብሆን በገመድም አልወርድም።

እዚያው አፋፍ ላይ ስለ አንዲት ወፍ ለጋሼ ነገርኳቸው። በአንኮበር ስም የምትጠራ፣ በ1976 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር እዚሁ አካባቢ ተገኝታ ለሳይንስ አዲስ የሆነች ወፍ አለች። ሰዎች እሷን ለማየት ባሕር አቋርጠው ይመጣሉ። «ምን ትመስላለች?» አሉኝ። ቡናማ፣ ዝንጉርጉር፣ ትንሽ። በዚያ ሰዓት ገደሉ ጫፍ ላይ አምስት ያህል ቡናማ፣ ዝንጉርጉር፣ ትናንሽ ወፎች ይለቅሙ ነበር። ትሁን አትሁን መለየት አልቻልኩም። ጋሼ ትንሽ አዩዋቸውና «ለዚህች ድንቢጥ ነው ገደል ጫፍ በሆዳቸው የሚተኙት?» ብለው ወደ ቤት ተመለሱ።

ማታ እሳቱ ዳር ነው ክርክራችን የተነሳው። ቀን ላይ ገብሱ ውስጥ የመስቀል ወፍ አይተን ነበር። እዚያ በዚህ ስም የሚጠሩት ጥቁሩን፣ ትከሻውና ወገቡ ላይ ደማቅ ቢጫ ያለውን ነው። ላባውን ነፍቶ እንደ ትልቅ ጢንዚዛ ከአገዳ አገዳ እየዘለለ ሴቶቹን ያሽኮረምማል። ጋሼ ከመስቀል በኋላ ወደ ቆላ ይወርዳል ባይ ናቸው። አባታቸውም እንዲህ ነው የነገሯቸው። እኔ ደግሞ የትም አይሄድም አልኩ። ልብሱን ነው የሚቀይረው። ወቅቱ ሲያልፍ ጥቁሩ ላባ ይረግፍና እንደ ሴቶቹ ቡናማ ይሆናል። ከመንጋው ጋር ተቀላቅሎ እዚሁ ይከርማል፤ እኛ ነን የማናውቀው። ትከሻውና ወገቡ ላይ ያለችው ቢጫ ብቻ ትቀራለች።

«ከመጽሐፍ ነው?» አሉ።

«አዎ ጋሼ።»

«መጽሐፉ እዚህ ከርሟል?»

አክስቴ ቆሎውን እያማሰለች «ተዋት፣ እሷም ከመስቀል በፊት ነው የምትሄደው» አለች።

መስከረም 1 ሐሙስ ነበር። ልጃገረዶቹ አደይና ቄጠማ ይዘው በየደጁ ሲዞሩ አደዩ ከየት እንደተቀጠፈ አውቅ ነበር፤ ካቡ ሥር የነበረው ቢጫ በአንድ ጠዋት አልቋል። በማግስቱ ስሄድ አክስቴ አሥር እንቁላል በጭድ አድርጋ፣ ከላዩ አንድ እስር ጦስኝ ጣል አድርጋ ሰጠችኝ። ትናንሽ ሮዝ አበቦቹ ገና አልረገፉም። ሚኒባሱ ውስጥ ሽታው ሁሉንም ቀሰቀሰ። አንዲት እናት «ማነው ጦስኝ የያዘው? ለሻይ ቁንጥር አድርጊልኝ እስቲ» አሉ። ለእሳቸው ሰጥቼ ለሌላው እምቢ ማለት አልቻልኩም፣ ላምበረት ስደርስ እንቁላሉ ብቻ ቀረኝ። ስምንቱ።

በኅዳር መጨረሻ ሥራ ላይ ሆኜ ስልኬ ጠራ። ጋሼ ናቸው። ደውለውልኝ አያውቁም። አክስቴ ምን ሆነች ብዬ ክው አልኩ።

«ሁሉም ደህና ነው» አሉ። «ገብሱ ታጭዶ አውድማው ላይ ድንቢጥ በድንቢጥ ሆኗል። አንዷ ስትነሳ ወገቧ ቢጫ ነው።»

«አላልኩዎትም ጋሼ!»

«ብለሻል።» ትንሽ ዝም አሉ፣ ከጀርባቸው ላሟ ስትጮህ ይሰማል። «እሱስ እዚሁ አለ። አንቺ ነሽ የሄድሽው።»