«ዶክተር፣ እንዳይነግሯት»

አዲስ አበባ የምሠራ የካንሰር ሐኪም ነኝ። ብዙዎቹ ታካሚዎቼ ከክፍለ ሀገር ነው የሚመጡት። እናትየው ውጭ ተቀምጠው ሳለ ልጅ ቀድሞ ይገባል። «በማርያም ይዤዎታለሁ ዶክተር፣ ካንሰር ነው እንዳይሏት። ሰምታ ትሞትብናለች» ይለኛል።

በዚህ ልመና ተቆጥቼ አላውቅም። መርዶ እንኳ ዘመድ ተሰብስቦ፣ በማለዳ በሚነገርበት አገር ክፉ ወሬ ዱብ አይደረግም። «አላስደነግጣቸውም፤ ግን አልዋሻቸውም» ብዬ እመልሳለሁ። ከዚያ እናትን ለብቻቸው አስገብቼ እጠይቃለሁ። «እማማ፣ ስለ ሕመምዎ ምን ሰምተዋል? ውጤቱን ለእርስዎ ልንገርዎ ወይስ ለልጅዎ?» ለልጄ ንገሪው ካሉኝ እሺ ነው። ብዙዎቹ ግን ቀድመው ጠርጥረዋል። «ልጆቼ እንዳይጨነቁብኝ ነው ዝም ያልኩት» የሚሉኝ እናቶች አሉ። ያኔ ልጆቹን እጠራለሁ። አብረው ያለቅሳሉ። ስለ ሕክምናው ማውራት የምንችለው ከዚያ በኋላ ነው።

እዚህ ላይ ጊዜ የማጠፋው በምክንያት ነው። የጨጓራ መድኃኒት ነው ተብላ ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት) የጀመረች ሴት፣ ሳምንታት ሳይቆይ ፀጉሯ በእጇ ሲቀር ምን ታስብ? መድኃኒቱ እየገደለኝ ነው ብላ ትቀራለች። አንዱ ቀይ መድኃኒት ደግሞ ሽንትን ያቀላል። ቀድሞ ካልተነገራት ደም ሸናሁ ብላ ትሸበራለች።

ለሁሉም አጥብቄ የምነግረው ስለ ትኩሳት ነው። ኬሞ ነጭ የደም ሴሎችን ስለሚቀንስ ቀላል የሚመስል ኢንፌክሽን በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል። ሙቀት 38 ዲግሪ ከደረሰ ፓራሲታሞል ውጦ ማደር የለም። ሌሊትም ቢሆን ቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ነው። ተረኛው ሐኪም እንዲያነበው ኬሞ ላይ መሆናቸውን በወረቀት ጽፌ እሰጣቸዋለሁ።

ጠበልንም አንስቼ እጠይቃለሁ፤ ካልጠየቅኩ ይደብቁኛል። ጠበሉን አልከለክልም። የምለምነው የኬሞው ቀጠሮ እንዳያልፍ ነው፤ ስለ ጾሙም ከንስሐ አባታቸው ጋር እንዲነጋገሩ። አንድ አባት ታካሚዬን ይዘው መጥተው «በሐኪም እጅም የሚፈውሰው እሱ ነው» ብለው ቀጠሮዋን እንዳታስተጓጉል ገዘቷት። የእኔ ምክር እንዲህ አይሰማም።

አንዳንዱ የሚያቋርጠው ግን ፈርቶ ሳይሆን ማደሪያ አጥቶ ነው። ለረጅም ዓመታት የጨረር ሕክምና የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር። ጨረር በሳምንት 5 ቀን፣ ለሳምንታት ስለሚሰጥ ከጎንደር የመጣ ሰው የት ይደር? እንደ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ያሉ ድርጅቶች ማረፊያ ይሰጣሉ። ስለዚህ መድኃኒት ከማዘዜ በፊት «የት ነው ያረፋችሁት?» ማለትን ልማድ አድርጌዋለሁ።

ሞርፊን የተባለውን ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ ሳነሳ ደግሞ ቤተሰብ ይደነግጣል። «አበቃላት ማለት ነው?» ይሉኛል። አይደለም። ካንሰር ያመጣውን ሕመም ለማስታገስ ታዞ በአግባቡ ሲወሰድ የሱስ ፍርሃቱም ከሚገባው በላይ ነው። ሽሮፑ በየ 4 ሰዓቱ ይወሰዳል፤ ሕመሙ እስኪነሳ አይጠበቅም። ሆድ ስለሚያደርቅ ከመጀመሪያው ቀን ማለስለሻ አብሬ አዛለሁ። ሌሊቱን መተኛት ስትጀምር ምግብም መቅመስ ትጀምራለች፤ ሕክምናውን የምትቀጥልበት አቅምም ታገኛለች።