አንድ ዋሽንት ይዞ ለውድድር

ሰሞኑን ባህር ዳር ወጣት ሙዚቀኞች ሲወዳደሩ አየሁ። ሽልማቱ ገንዘብ አይደለም። ያሸነፈ ልጅ ከወጣቶች ኦርኬስትራ ፊት ቆሞ ሶሎ ይጫወታል፤ ከኋላው ክራር፣ መሲንቆ፣ ከበሮ፣ ጥቂት ቫዮሊንና አንድ ኪቦርድ የያዙ እኩዮቹ ያጅቡታል። እኔ እዚያ የተገኘሁት በአጎትነት ነው። የእህቴ ልጅ ዋሽንት ይነፋል፣ ከመራዊ ለውድድሩ መጣ፣ እናቱን ሥራ ያዛትና እኔ ላይ ጣለችው። እንግዲህ ለማን እንደማደላ ከአሁኑ እወቁት።

አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። ደስ ይላል። ስልክ ላይ ተጥደው ነው የሚውሉት የምንላቸው ልጆች ኮሪደሩን ሞልተው፣ አንዱ ክራሩን ሲከረክር ሌላው መሲንቆውን ሲገዘግዝ፣ የማን ዜማ የማን እንደሆነ እንኳ አይለይም፤ ጆሮ ያደነቁራል፣ ግን ጥሎ መውጣት ያቅታል።

እንዲህ ያለው ውድድር አውሮፓና አሜሪካ የተለመደ ነው። ብዙ የወጣት ኦርኬስትራዎች በየዓመቱ የኮንሰርቶ ውድድር ያደርጋሉ። ኮንሰርቶ ማለት አንድ መሣሪያ ከሙሉ ኦርኬስትራ ጋር እየተቀባበለ እንዲጫወት የተጻፈ ሙዚቃ ነው። ልጁ ከአንዱ ኮንሰርቶ አንድ ክፍል ይመርጣል፣ ወራት ይለማመደዋል፣ ብዙ ጊዜም በቃሉ ይዞ ይቀርባል። ማጣሪያው ላይ ኦርኬስትራ የለም። የኦርኬስትራውን ድርሻ በፒያኖ የሚጫወትለት ሰው ግን አብሮት ይገባል። ይህቺን ያዙልኝ።

እንግሊዝ አገር ደግሞ ቢቢሲ እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ የሚያካሂደው የወጣት ሙዚቀኞች ውድድር አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 ያሸነፈው ሼኩ ካኔ-ሜሰን ያኔ 17 ዓመቱ ነበር፤ ኖቲንግሃም ያደገ፣ ከሰባት ልጆች አንዱ። ይህን ውድድር ያሸነፈ የመጀመሪያው ጥቁር ሙዚቀኛም እሱ ነው። መሣሪያው ቼሎ ነው፣ ቫዮሊን የሚመስል ግን ተለቅ ያለ፤ ፍጻሜው ላይ የተጫወተውም የሩሲያዊውን የሙዚቃ ደራሲ የሾስታኮቪችን የመጀመሪያ የቼሎ ኮንሰርቶ ነው። እዚያ ሥራ ውስጥ አንድ ሆርን፣ ማለትም የተጠቀለለ የነሐስ ቀንድ የሚመስል የትንፋሽ መሣሪያ፣ ብቻ አለ፤ ከቼሎው ጋር እየተመላለሰ ይጠያየቃል። ቼሎ ተጫዋቹ ሆርኑን ካልሰማ ነገሩ ሁሉ ይበላሻል። ፈልጋችሁ ስሙት፤ የልጁን ጣቶች ብቻ እያያችሁ እንዳያመልጣችሁ።

እኛም ጋ ልጆችን አወዳድሮ መድረክ ላይ ማውጣት ዛሬ አልተጀመረም። በደርግ ጊዜ ከቀበሌ እየተመረጡ ወደ ላይ የወጡ የኪነት ልጆችን ታላላቆቻችን ያስታውሳሉ፤ ጎጃም ውስጥ ግሽ ዓባይ ኪነት ሲባል ያልሰማ የለም። የአገራችንን የባህል መሣሪያዎች በኦርኬስትራ መልክ ለማቀናጀትም ቀድሞ የተሞከረ ነገር አለ። ግብፃዊው የሙዚቃ ደራሲ ሀሊም ኤል-ዳብህ እ.ኤ.አ. በ1963 አዲስ አበባ ላይ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን አቋቋመ። ለየብቻቸው የሚሰሙትን መሲንቆ፣ ክራር፣ በገናና ዋሽንት አንድ ላይ ማስቀመጥ ትልቅ ድፍረት ነበር። ምክንያቱም እነዚህ መሣሪያዎች የሚቃኙት ለዘፋኙ ድምፅ ነው። የፈረንጅ ኦርኬስትራ ግን ሁሉም በአንድ ድምፅ ነው የሚነሳው፤ ኦቦ የሚባለው የትንፋሽ መሣሪያ «ላ» የምትባለውን ድምፅ ይሰጣል፣ በሰከንድ 440 ንዝረት አካባቢ፣ ቀሪው ሁሉ እሷን ይከተላል።

የባህር ዳሩ ጣጣም የመጣው ከዚሁ ነው።

መጀመሪያው ዙር ላይ ልጆቹ ለየብቻቸው ተጫወቱ። አጃቢ የለ፣ ኪቦርድ የለ። የእህቴ ልጅ ትዝታ ነፋ፣ አዳራሹ ጸጥ አለ፣ አለፈ። ሁለተኛው ዙር ከኦርኬስትራው ጋር ሆነ። ኪቦርዱ መነሻውን ሲሰጥ የልጁ ዋሽንት ከዚያ ትንሽ ከፍ ይላል። ትንሽ ነው፣ ግን ጥርስ ያስነክሳል። ምን ያድርግ? መሲንቆ ቢሆን መቃኛውን አዙሮ ጭራውን ያላላል። ክራር ቢሆን ከላይ ያሉትን መወጠሪያዎች አንድ በአንድ ያጠብቃል፣ ያላላል። ዋሽንት ላይ ቀዳዳው አንዴ ከተበሳ ተበሳ ነው። ለዚህ ነው ባለሙያ ዋሽንት ነፊዎች ረጅምም አጭርም ብዙ ዋሽንት በአንድ ቦርሳ ይዘው የሚዞሩት። የኔው ያለችው አንዲት ዋሽንት ናት። ኦርኬስትራው በየትኛው ድምፅ እንደሚጫወት አስቀድሞ የነገረውም አልነበረም።

እስከ መጨረሻው ነፋ። ከዚያ ከዳኞቹ አንዱ «ቅኝት ስቷል» አሉ።

እዚህ ላይ ነው የተናደድኩት። ቅኝት አልሳተም! ትዝታ ትዝታ ነው፣ ከላይም ተነሳ ከታች በድምፆቹ መካከል ያለው ርቀት እስካልተነካ ድረስ። የልጁ ርቀት ልክ ነበር። ያልገጠመው መነሻው ነው፤ መነሻውን ደግሞ ማሳወቅ የአዘጋጁ ሥራ ነው። የፍኖተ ሰላሟ ክራር ደርዳሪም ክራሯን ለማስተካከል ጎንበስ ስትል «ቶሎ በይ እንጂ፣ ሰዓት የለም» ተባለች። ስድስት ጅማት በቶሎ በይ አይቃኝም። ሰውን በማጣደፍ ሰዓት የሚቆጥቡ ሰዎች የአዳራሹ ንግግር ስንት ሰዓት እንደፈጀ ማን በነገራቸው፤ እሱን ልተወው።

ያሸነፈው ከደጀን የመጣ መሲንቆ መቺ ነው። ይገባዋል፣ ያለ ምንም ቅሬታ። ጣቱ ከሁሉም የፈጠነ አይደለም፣ እንዲያውም ጭብጨባ የበዛላቸው ሌሎች ነበሩ። ይሄ ልጅ ግን ይሰማል። መሀል ላይ ከበሮው ፈጥኖ ኦርኬስትራው ሲንጋጋ ሌላው ቢሆን ተከትሎ ይሮጥ ነበር። እሱ ደጋኑን አንስቶ ጠበቀ። እስኪሰክኑ ጠብቆ፣ ልክ በቦታው ገባ። በኋላ ስጠይቀው አባቱ አዝማሪ እንደሆኑ ነገረኝ። ገባኝ። አዝማሪ ቤት ያደገ ልጅ «ተቀበል!» ሲባል ነው የኖረው፤ እንግዳው ግጥም ይወረውራል፣ አዝማሪው ሰምቶ፣ ይዞ፣ በዜማው ይመልሳል። እንግዳው ቢንተባተብ ይጠብቀዋል፣ ቢያረዝም ያስተካክልለታል። ከኦርኬስትራ ጋር ሶሎ ለመጫወት ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት ካለ ንገሩኝ።

ዳኝነቱ ላይ ሌላም የጎደለ ነገር አለ። ልጆቹ ቁጥር ብቻ ተሰጥቷቸው ተሸኙ። እንዴት ነው ነገሩ? እነ ዋሸራን፣ ጎንጅን፣ ዲማን የመሰሉ የቅኔ ቤቶች ይዘን! ቅኔ ቤት ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ የኔታ ፊት ይነግራል፤ የኔታም የተበላሸውን እዚያው ያርሙለታል፣ ለምን እንደተበላሸም ይነግሩታል። ተማሪው ሲወጣ ነገ ምን ማስተካከል እንዳለበት ያውቃል። የኛ ተወዳዳሪዎች ግን 71 ያገኘው ለምን 71፣ 84 ያገኘችው ለምን 84 እንደሆነ ሳያውቁ ሚኒባስ ተሳፈሩ። ለሁለት ደቂቃ አስተያየት ቢሰጣቸው ምን ነበረበት? በተለይ ለወደቁት፤ አሸናፊውማ ከኦርኬስትራው ጋር ልምምድ አለው፣ እዚያ ይማራል።

ስለዚህ ለሚቀጥለው አዘጋጅ የምለው ይሄን ነው። አንደኛ፣ ያቺን ያዙልኝ ያልኳችሁን ነገር አድርጉ፦ ከመጀመሪያው ዙር ጀምሮ አጃቢ ይኑር፣ አንድ ኪቦርድ ይበቃል። ብቻውን አሳምሮ የሚጫወት ልጅ ሁሉ ከሰው ጋር ይችላል ማለት አይደለም። ደግሞ ልምምዱ ላይ ዳኞች ይገኙ። መድረክ ላይ ሁሉም ልብሱን አሳምሮ ነው የሚመጣው፤ ልጁ ሲሳሳት እንዴት እንደሚመለስ የሚታየው ልምምድ ላይ ነው።

የእህቴ ልጅ ወደ መናኸሪያ ስንሄድ ብዙም አልተናገረም። በኋላ «ጋሼ፣ ያቺ ኪቦርድ ስንት ላይ ነበረች?» አለኝ። ኪቦርድ ተጫዋቹን ፈልጌ ስልኩን ተቀበልኩ፣ ጨዋ ልጅ ነው፣ መነሻ ድምፁን ቀርጾ በቴሌግራም ላከልን። ሠላሳ ሰከንድ አይሞላም። ይህቺኑ ከውድድሩ በፊት ለሁሉም መላክ ይቻል ነበር። አሁን ልጁ ድምፁን እየሰማ በልኩ አዲስ ዋሽንት ሊበሳ ነው፣ አንድም አይደለም ሦስት ነው የሚለው። ቀርከሃ እንደሁ እንጅባራ ሞልቷል፤ ቅዳሜ እንሄዳለን።