ምድር ቤቱን መኝታ ክፍል ለማድረግ፦ መጀመሪያ ውሃው

ጅማ ላይ ተዳፋት መሬት ላይ የተሠራ ቤት ብዙ ጊዜ ከሥሩ ግማሹ አፈር ውስጥ የገባ ክፍል ይኖረዋል። የቡና ጆንያ ይደረደርበታል፣ ትርፍ ቆርቆሮና አሮጌ አልጋ ይከማችበታል። ልጆች ሲያድጉ ደግሞ «ለምን መኝታ አናደርገውም?» ይባላል። ማድረግ ይቻላል። ግን ሴራሚክና ቀለም ከመገዛቱ በፊት ክፍሉ አንድ ክረምት ይታይ። ከተማችን በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ ይዘንብባታል፤ በጥር ደርቆ የታየ ግድግዳ በነሐሴ ሌላ ነው።

በነሐሴ አፈር የተደገፈበትን ግድግዳ ከወለሉ እስከ ጉልበት ድረስ በመዳፋችሁ ዳብሱት። እንደ ዱቄት ያለ ነጭ ነገር እጃችሁ ላይ ከቀረ ጨው ነው፤ ውሃው ግንቡን ሲያልፍ አሟሙቶ ያመጣዋል፣ እሱ ሲተን ጨው ይቀራል። ቀጥሎ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ላስቲክ ግድግዳው ላይ ዘርጉና አራቱንም ጠርዝ በስኮች አሽጋችሁ ሁለት ቀን ተዉት። ጠብታው ከላስቲኩ ጀርባ ከተገኘ ውሃው ከአፈሩ እየመጣ ነው። በክፍሉ በኩል ካረፈ ግን የታፈነ አየር ነው፤ እሱን የሚፈታው መስኮት እንጂ ቁፋሮ አይደለም። ብዙ ገንዘብ የሚባክነው ሁለቱ ሳይለዩ ነው።

የመጀመሪያው ጥገና ጣሪያ ላይ ነው። 100 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲጥል 3,000 ሊትር ውሃ ይወርዳል። አሸንዳ ከሌለ፣ ወይም የአሸንዳው ቱቦ ግድግዳው ሥር ከፈሰሰ፣ ያ ሁሉ መሠረቱን ይዞ ይሰርጋል። ቱቦውን አርቁት፣ ከዳገቱ የሚመጣውን ጎርፍም በቦይ ቁረጡት። ከቤቱ በላይ የሽንት ቤት ጉድጓድ ካለ እሱም ይታይ፤ የሽንት ቤት ሽታ ያለው እርጥበት ከዝናብ ብቻ አይመጣም።

ይህ ካልበቃ በዳገቱ በኩል ከግድግዳው ውጭ መቆፈር ግድ ነው። ቦዩ ከክፍሉ ወለል ዝቅ ይበል፣ ከመሠረቱ ግርጌ በታች ግን በፍጹም አይውረድ። ሙሉውን ርዝመት በአንድ ቀን አትክፈቱት፤ በየተራ ቆፍራችሁ ሙሉት። የግንቡን ውጪ አንድ እጅ ስሚንቶ በሦስት እጅ አሸዋ ለስኑ፣ ሲደርቅ ሁለት ጊዜ ሬንጅ ቀቡት። ከታች 110 ሚሊ ሜትር የተበሳ ፒቪሲ ቱቦ በየሜትሩ 1 ሳንቲ ሜትር እያዘነበለ ይተኛ። ቀዳዳው ወደ ታች ይሁን፣ ዙሪያውም በጠጠር ይሞላ። አንዳንድ ሠራተኛ «ውሃ ከላይ ነው የሚገባው» ብሎ ወደ ላይ ያዞረዋል፤ ውሃው ግን ጠጠሩ ውስጥ ከሥር ወደ ላይ ስለሚሞላ ቀዳዳው ታች ሲሆን ቀድሞ ይወጣል። ለ10 ሜትር ቦይ፣ 40 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 50 ሳንቲ ሜትር የጠጠር ከፍታ ከያዛችሁ 2 ሜትር ኩብ ጠጠር ይፈጃል። ጠጠሩን ውሃ አሳልፎ አፈር በሚያስቀር ጨርቅ ጠቅልሉት፤ አለበለዚያ ቀዩ አፈር ጊዜ ወስዶ ይደፍነዋል። የቱቦው ጫፍ በታችኛው በኩል ክፍት ቦታ ይውጣ፣ አይጥ እንዳይገባበት ወንፊት ይደረግበት።

ከውስጥ ብቻ ውሃ መከላከያ ቀለም ቀብቶ መገላገል አያዋጣም። ውሃው ከጀርባ እየገፋ ቀለሙን ውሃ እንደቋጠረ ቃጠሎ ያሳብጠዋል። ጀሶም እርጥብ ግድግዳ ላይ ይላላል፤ ለዚህ ክፍል አይሆንም።

ወለሉ አፈር ከሆነ 25 ሳንቲ ሜትር ድንጋይ፣ ወፍራም ላስቲክ፣ 10 ሳንቲ ሜትር ኮንክሪት፣ ከዚያ ሊሾና ሴራሚክ ሲደረደርበት 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ቁመት ይበላል። መጨረሻ ላይ 2.40 ሜትር እንዲቀር አሁን 2.80 ያስፈልጋል። ካነሰ «ትንሽ ዝቅ አድርገን እንቆፍር» የሚል ምክር ይመጣል፤ መሐንዲስ ሳያይ መሠረት አጠገብ አትቆፍሩ፣ የላይኛው ቤት የቆመው እዚያ ላይ ነው። 12 ካሬ ሜትር ክፍል ለኮንክሪቱ 1.2 ሜትር ኩብ ይጠይቃል፤ በ50 ኪሎ ከረጢት ሲሰላ 8 ያህል ስሚንቶ ነው።

መስኮቱ በቁልቁለቱ በኩል ይከፈት። ሰው ሊወጣበት ይገባል፤ 60 በ90 ሳንቲ ሜትር የሚከፈት ቦታ ይበቃል፣ ብረት ካለውም ከውስጥ ያለ ቁልፍ የሚከፈት ይሁን። ሶኬት ከወለሉ 40 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል፣ መስመሩም 30 ሚሊ አምፔር ኤሌክትሪክ ሲያፈተልክ የሚቆርጥ ብሬከር ይኑረው።

አንድ ነገር ግን አደራ። ቡና እዚያ ክፍል ከሰል ላይ አይፈላ፣ በብርድ ጊዜም የከሰል ምድጃ አይግባ። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ጭስ ስለሌለ ደህና ነው ማለት አይደለም። የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል።

ቁፋሮው በኅዳር ተጀምሮ እስከ የካቲት ይለቅ። ኮንክሪቱን 7 ቀን ውሃ አጠጡት። ላስቲኩን በነሐሴ እንደገና ለጥፋችሁ ጀርባው ደረቅ ሆኖ ከተገኘ ቀለሙን በጥቅምት ቀቡ።