የእማዬ ምስርና የኮሎራዶው ፓምፕ

ሥራዬ የሚሽከረከሩ ማሽኖች መሐንዲስ ነው። የምኖረው ሂውስተን ነው፤ የነዳጅና የጋዝ ፋብሪካ ዲዛይን የሚያደርግ ቢሮ ውስጥ። ፓምፕ፣ ኮምፕረሰር፣ ተርባይን፣ ትልልቅ ፋን፣ ባጭሩ ፋብሪካው ውስጥ የሚዞር ነገር ሁሉ የኛ ክፍል ነው። ማሽኑን የምንሠራው እኛ አይደለንም። ምን ያህል ፈሳሽ፣ በምን ሙቀት፣ በምን ግፊት እንደሚገፋ ዳታ ሺት ላይ እንጽፋለን፣ አምራቾቹ ዋጋ ሲያቀርቡ የማን ማሽን እንደሚሻል እናወዳድራለን፣ ሥዕላቸውን መስመር በመስመር እናያለን፣ ማሽኑ ሲፈተሽም ፋብሪካቸው ድረስ ሄደን አጠገቡ እንቆማለን።

እዚህ ለመድረስ ጊዜ ወስዶብኛል። አምስት ኪሎ መካኒካል ተምሬ ጨረስኩ፣ ዲቪ ደረሰኝ፣ መጣሁ። መጀመሪያ ፓርኪንግ ነው የሠራሁት። የሌሊት ተራ ሲደርሰኝ መኪና በማይገባበት ሰዓት ለኤፍ ኢ ፈተና አጠናለሁ። 110 ጥያቄ ነው፤ መሐንዲስነቴን እዚህ አገር የሚያስመሰክርልኝ የመጀመሪያው በር እሱ ነበር። ካለፍኩ በኋላም ቢሮ የገባሁት በሰነድ አደራጅነት ነው። የሌሎችን ሥዕል እየቆጠርኩና እየመዘገብኩ ማታ ቤቴ ኤፒአይ 610ን አነባለሁ። የነዳጅ ኢንዱስትሪው የፓምፕ መመዘኛ ነው፤ ይህንን ሥራ የምታስቡ ልጆች ካላችሁ ከእሱ ጀምሩ። በኋላ ማሽኖቹ ክፍል ቦታ ሲከፈት ወሰዱኝ።

ሥራው አልከበደኝም። የከበደኝ ስብሰባ ነው። ታላቅ ሲናገር አፍ መክፈት ነውር ነው ተብዬ ነው ያደግኩት። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይሉን የለ? ሁለት ዓመት ሙሉ ስብሰባ ገብቼ፣ ማስታወሻ ይዤ፣ አንድ ቃል ሳልናገር እወጣ ነበር። ስህተት ባይ እንኳ እነሱ ሳያውቁት አይቀርም እያልኩ እተወዋለሁ።

እማዬ ልትጠይቀኝ የመጣችው በዚያ ሰሞን ነው። በመጣች በሦስተኛው ቀን ምስር ክክ ወጥ ሠራች። ሽንኩርቱ ቁሌቱ ሁሉ እንደ ልማዷ፤ ምስሩን ጨምራ፣ ክዳኑን ገርበብ አድርጋ ትንሽ ላረፍ ብላ ተቀመጠች። ተመልሳ ስታየው ምስሩ ፈርሶ ገንፎ ሆኗል። በጣም ነው የተናደደችው። «የዚህ አገር ምስር ምን ነካው ልጄ? እሳቱን እንኳ ቀንሼው ነበር» አለች። ምስሩ የኢትዮጵያ ምስር ነው፤ ራሷ ናት በሻንጣዋ ያመጣችው።

ነገሩ ቀላል ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ፣ ግፊቱም ትንሽ ስለሆነ ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ሂውስተን ከባሕር ወለል እምብዛም የማትርቅ ሜዳ ናት፤ እዚህ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ነው። ያቺ የስምንት ዲግሪ ልዩነት ነች የእማዬን ወጥ ያበላሸችው።

በሳምንቱ ቢሮ ውስጥ አንድ ስሌት እጄ ገባ። በምዕራብ ኮሎራዶ የሚተከል የጋዝ ፋብሪካ ነው፤ 60 ዲግሪ የሞቀ ውሃ ከክፍት ታንክ ወስዶ የሚገፋ ፓምፕ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስረዳ። ፓምፕ ውሃ የሚስብ ይመስለናል። አይስብም። ውሃውን ወደ ፓምፑ አፍ የሚገፋው ታንኩ ላይ የተኛው አየር ነው። ባሕር ወለል ላይ ያ አየር ቀዝቃዛ ውሃን 10.3 ሜትር ያህል ወደ ላይ መግፋት ይችላል፤ አዲስ አበባ ላይ ግን 7.8 ሜትር ቢሆን ነው። ግፊቱ ካነሰ ውሃው እዚያው ፓምፑ ውስጥ ይፈላል። አረፋው ወደ ውስጥ ገብቶ ግፊት ሲያገኘው እየተጨፈለቀ ይፈነዳና ብረቱን ይበላዋል። እንዲህ የሆነ ፓምፕ ጠጠር የዋጠ ይመስል ይንኳኳል። ተፈቶ ያየሁት አንዱ፣ የሚሽከረከረው ክንፉ ነቀዝ የበላው በቆሎ መስሎ ነበር።

ስሌቱ ፓምፑ አፍ ላይ ውሃው እንዳይፈላ የሚጠብቅ የ7.1 ሜትር ግፊት አለ ይላል። ፓምፑ የሚፈልገው 5.5 ነው። ይበቃል ማለት ነው። ግን የአየሩ ግፊት ላይ የተጻፈው ቁጥር የባሕር ወለል ነው፤ የሂውስተን አየር። የእማዬ ምስር ትዝ አለኝ።

ስብሰባው ላይ ልቤ እየመታ እጄን አነሳሁ። «ይቅርታ፣ ፋብሪካው የሚተከለው ስንት ሜትር ከፍታ ላይ ነው?» ጸጥ አለ። አንዱ ሥዕሉን ከፍቶ አየ፤ 2,100 ሜትር ገደማ። ስሌቱን የሠሩት ሰውዬ ሠላሳ ዓመት በሙያው የቆዩ፣ እኔ ከልቤ የማከብራቸው ሰው ናቸው። ወረቀቱን ወሰዱ፣ መነጽራቸውን አውልቀው መልሰው አደረጉ፣ ከዚያ ወንበራቸውን ስበው አጠገቤ መጡና አብረን ሠራነው። 7.1 የነበረው 4.8 ሆነ። ያ ፓምፕ ቢገዛ ኖሮ ከተነሳበት ቀን ጀምሮ ራሱን ይበላ ነበር፤ ኩሽኔታውም፣ ውሃ እንዳያፈስ የሚዘጋው ማኅተሙም ብዙ አይቆዩም። ደግነቱ ገና አልታዘዘም። ቀጥ ብሎ መሬት ውስጥ በሚገባ ፓምፕ ቀየርነው፤ ጥልቀቱ ራሱ የጎደለውን ግፊት ይጨምርለታል። ሰውዬው ከዚያ በኋላ ስሌት በጨረሱ ቁጥር መጀመሪያ ወደኔ ጠረጴዛ ነው የሚልኩት።

ፋብሪካው አልቆ ሲነሳ ኮሎራዶ ሄድኩ። ሞተሩ ተነሳ። እጄን ኩሽኔታው ቤት ላይ አሳረፍኩ፤ ለብ ያለ ነው፣ መንቀጥቀጡ አይሰማም። ጆሮዬን አስጠግቼ ብዙ ቆየሁ። የጠጠር ድምፅ የለም፤ ጥርት ያለ እምምም ብቻ።

ከአጥሩ ወጣ ብዬ አዲስ አበባ ደወልኩ። «እማዬ፣ ያለሁበት ቦታ ምስር እንዳንቺ ቤት ቀስ ብሎ ነው የሚበስለው» አልኳት።

«ደጋ ነው በለኛ» አለችኝ። «ጋቢህን ይዘሃል?»