ፎቶው ወደ ደረቷ ዞሮ

ትናንት ማታ ከእማዬ ጋር ተጣላን። በፎቶ።

ዛሬ ኢየሩሳሌም፣ ክኔሴት (የእስራኤል ፓርላማ) ፊት ለፊት ሰልፍ ነበረን። ወደ እስራኤል ለመምጣት እየጠበቁ ጎንደርና አዲስ አበባ ስለቀሩት ቤተሰቦቻችን ነው፤ ሁሉም የዘመዱን ፎቶ ይዞ ይወጣል። እኔም የእህቴን ፎቶ ትልቅ አድርጌ አሳተምኩና ካርቶን ላይ ለጥፌ ሳሎን አቆምኩት። እማዬ ከኩሽና ወጥታ ስታየው ክው አለች።

"እንዲህ የሚያዘው የሙት ፎቶ ነው። ልጄ በቁሟ እያለች ለቅሶ ልታስቀምጪኝ ነው?"

እውነቷን ነው። አገር ቤት ፎቶ ታቅፎ የሚቆመው ለቅሶ ላይ ነው። ይሄ ግን እስራኤል ነው፣ ካሜራው ፊት ይፈልጋል አልኳት። አልሰማችኝም።

እኛ ስንመጣ እህቴ ባል አግብታ ስለነበር ፋይሏ ለብቻው ሆነ። "በሚቀጥለው ዙር" ተባለች። እስካሁን ያው ናት። እ.ኤ.አ. የ1950ው የመመለስ ሕግ ለአይሁዳዊ ሁሉ በር ይከፍታል፤ ከቤተ እስራኤል የሚወለዱት የእኛ ሰዎች ግን ቅድመ አያቶቻቸው ክርስትና ተነሥተዋል ተብሎ በእሱ አይስተናገዱም። የሚገቡት በመግቢያ ሕግ ነው፣ ያውም መንግሥት በቆረጠላቸው ቁጥር ልክ። በ1983 ዓ.ም. ግንቦት፣ ዘመቻ ሰለሞን በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤላዊ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ሲያጓጉዝ እንኳ በዚሁ ምክንያት አዲስ አበባ የቀሩ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ መንግሥት ራሱ 9,000 ያህል ሰው በአምስት ዓመት አመጣለሁ ብሎ ወሰነ። አምስት ዓመቱ ካለፈ ቆየ።

አንዳንዴ ቁርጡን ነግረው እምቢ ቢሉን ይሻል ነበር እላለሁ። ቁርጡን ያወቀ ሰው ቤቱን ያድሳል፣ ይነግዳል፣ ኑሮውን ይኖራል። እህቴ ግን "ልንሄድ አይደል" እያለች የሚያፈሰውን ጣሪያ ሳታስጠግን ስንት ክረምት አለፈባት። ዝናብ ሲጥል ባልዲውን የምታስቀምጥበትን ቦታ እንኳ በስልክ አውቀዋለሁ፣ ከአልጋው ግርጌ ነው።

ጠዋት እማዬ ሳታነጋግረኝ ካርቶኑን አንሥታ አውቶቡስ ላይ ወጣች። ሰልፉ ላይም ያዘችው፣ ግን ፎቶውን ወደ ደረቷ አዙራ። ካሜራ የያዘ አንድ ልጅ እንድታዞረው ለመናት፣ እጁን ገፋ አደረገችው። ከሩቅ የሚያያት ባዶ ካርቶን የያዘች አሮጊት ነው የሚመስለው።

ማታ የሰልፉን ፎቶ ለእህቴ ላክሁላት። ኔትወርኩ ከመጣ በኋላ በድምፅ መለሰች።

"እንዴ፣ የሁሉንም ሰው ፎቶ አየሁ። የእኔን ረሳችሁት?"

ምን እንደምመልስላት ግራ ሲገባኝ እማዬ ስልኩን ተቀበለችኝ።