ጋዜጣው ቤተ መጻሕፍቱን እንዲያውቀው

ደብረ ማርቆስ ላይ ጋዜጣ ማንበብ ድሮም ትዕግሥት ይጠይቃል። ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነን፤ መሐል ላይ የዓባይ በረሃ አለ። መኪና ሲዘገይ የጠዋቱ ጋዜጣ ማታ ይደርሳል፤ ሲብስ በማግሥቱ። እኔ የምሠራበት ቤተ መጻሕፍት ግን ጋዜጣ ጠባቂ አጥቶ አያውቅም።

ሁሉም ዜና ፍለጋ የሚመጣ እንዳይመስላችሁ። ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ የሚታተመውን አዲስ ዘመንን ወጣቶቹ የሚያገላብጡት ክፍት የሥራ ቦታ ፍለጋ ነው። ነጋዴው ጨረታ ያያል። ርዕሰ አንቀጽ የሚያነቡት ጡረተኞቹ ናቸው።

ከእነሱ አንዱ፣ እንግሊዝኛ ያስተምሩ የነበሩ ጋሼ፣ «ልጄ፣ የውጭውን ለምን አታስመጡልንም?» እያሉ ይነዘንዙኝ ነበር። በስልካቸው ኒውዮርክ ታይምስን ይከፍታሉ፤ ሁለት አንቀጽ እንዳነበቡ «ክፈል» የሚል ነገር ይደቀንባቸዋል። «ልክ ወሬው ሊጥም ሲል!» ይላሉ ተናደው።

ይህን የሰማ አሜሪካ ያለ የከተማችን ልጅ የራሱን የይለፍ ቃል ላከልኝ። «ለሁሉም ስጪያቸው» አለኝ። እግዜር ይስጠው፤ ግን አልተጠቀምንበትም። የግል ደንበኝነት የሚሸጠው ለግል ነው። በዚያ ላይ ያ ሁሉ ሰው በአንድ አካውንት ሲተራመስ የሚቆለፍበት እሱ ነው። «ባይሆን ለቤተ መጻሕፍት የሚሸጠውን ግዛልን» አልኩት። እሺ አለ።

ለቤተ መጻሕፍት የሚሸጠው ሁለት መግቢያ አለው። አንዱ በአድራሻ ነው። ኢንተርኔት ላይ ያለ መስመር ሁሉ አይፒ የሚባል ቁጥር አለው። ቤተ መጻሕፍቱ ቁጥሩን ያስመዘግባል፤ ከዚያ በኋላ በዚያ ዋይፋይ የገባ ሰው ሁሉ ያለ ይለፍ ቃል ያነባል። ግሩም ነው፣ ቁጥሩ የማይለወጥ ከሆነ። የእኛ ግን መብራት ሄዶ ሲመጣ፣ ራውተሩ ሲነሣ፣ ሌላ ቁጥር ይዞ ብቅ ይላል። መብራት ስንቴ እንደሚሄድ ደግሞ የማርቆስ ሰው ያውቀዋል። በየሳምንቱ ቤት የሚቀይር ተከራይ ደብዳቤ ቤቴ ድረስ ይምጣልኝ እንደማለት ነው። ቋሚ ቁጥር ለብቻው ያስከፍላል። በጀቱን ጠይቀናል፤ ደብዳቤው ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞረ ነው።

ሌላው በኮድ ነው፤ የያዝነውም እሱን ነው። አንባቢው በገዛ ኢሜይሉ አካውንት ይከፍትና እኛ የምንሰጠውን ኮድ ያስገባል። እንደ ውሉ ለ24 ወይም ለ72 ሰዓት ሁሉም ይከፈትለታል። ሲያልቅ እንደገና ማስገባት ነው። ቤት ተቀምጦም ማንበብ ይቻላል።

ጣጣው የመጣው ከኢሜይሉ ነው። ጋሼ ኢሜይል አላቸው፤ ልጃቸው ናት የከፈተችላቸው። የይለፍ ቃሉን ግን አያውቁትም። ደወልንላት። ሥራ ላይ ነበረች፤ በሹክሹክታ «የልደት ቀንህ ነው አባዬ» አለች። ጻፉ፤ እምቢ አለ። ደግመው ጻፉ፤ እምቢ። «በፈረንጅ ነው እንጂ!» አለች ድምጿን ከፍ አድርጋ። እስክሪብቶ አውጥተን ማስላት ጀመርን። ጋሼ ለካ የልደት ቀናቸውን በፈረንጅ አስልተው አያውቁም። ሲገባላቸው ወንበሩን ሳብ አደረጉና በቀጥታ ርዕሰ አንቀጹን ፍለጋ ሄዱ። እስክንዘጋ ድረስ አልተነሡም።

አንድ ነገር ግን ልበል። ለአገር ውስጥ ጋዜጣ ኮድ የምትጠይቁኝ አላችሁ። አዲስ ዘመንም ሪፖርተርም በድረ ገጻቸው በነፃ የሚነበብ ብዙ ጽሑፍ አላቸው። በነፃ ለሚገኝ ነገር ገንዘብ አናወጣም።

ዲጂታሉ ከመጣ የወረቀቱ ይቅር የሚሉም አሉ። አልስማማም። ኢንተርኔት ጠፍቶ የከረመበትን ጊዜ አልረሳንም። ያኔ ሰው ሲቀባበለው የነበረው ጠረጴዛው ላይ ያለውን ወረቀት ነው።

ኮድ የምትፈልጉ ጠዋት ጠዋት ኑ፤ ከሰዓት ኮምፒውተሩን ተማሪ ይይዘዋል። ኢሜይል የሌላችሁን አግዛችኋለሁ። ማረጋገጫው በስልክ መልእክት ስለሚመጣ ስልካችሁን ቻርጅ አድርጋችሁ ያዙ። የይለፍ ቃሉን ራሳችሁ ጻፉት፤ እኔ ፊቴን አዞራለሁ። የልደት ቀን ግን ባይሆን ይመረጣል።